ከጁባ ችሎት እስከ ቦር ዛፍ ጥላ፦ የደቡብ ሱዳን የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጁባ

ወደ ደቡብ ሱዳን የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ በዚህ አገር የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው? የሕግ ሰው ነኝና ጥያቄው ከሙያዬ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ ሰው መሆኔም ግን ድርሻ አለው። የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የቋጨው የ1972ቱ ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ነው። በ1983 ጫካ የገባው የደቡብ ታጋዮች መሪ የጆን ጋራንግ ንቅናቄ እስከ 1991 ድረስ መቀመጫው ኢትዮጵያ ነበረች። ደቡብ ሱዳን ዛሬ የምትተዳደርበት የሰላም ስምምነትም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 እዚያው አዲስ አበባ ተፈረመ። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጎረቤት ጉዳይ ነው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጊዜው በጋ ነው፤ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራንግ መካነ መቃብር ሄድኩ። ጁላይ 9 ቀን 2011 የነጻነት አዋጁ የተነበበው፣ ባንዲራውም የተሰቀለው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 98.83 በመቶው ነጻነትን መርጦ ነበር። ይህን ያህል አንድ ልብ ሆኖ የተነሣ ሕዝብ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 2013፣ እርስ በርሱ መተላለቁን ሳስብ እዚያ ሜዳ ላይ ብዙ መቆም አልቻልኩም። በአገሪቱ አርማ ላይ የሠፈረው መፈክር ሦስት ቃላት አሉት፤ ፍትሕ፣ ነጻነት፣ ብልጽግና። ፍትሕ የቀደመው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ደቡቦቹ አሥርት ዓመታት የተዋጉት ካርቱም ላይ የሚሰማን ዳኛ የለም ብለው ነው።

ማክሰኞ፣ ጁባ

ጠዋት ከአንዲት ጠበቃ ጋር ፍርድ ቤት ዋልኩ። ለችግረኞች በነጻ የምትቆም፣ በስደት ኡጋንዳ ያደገች፣ ቃሏን መጥና የምትናገር ሴት ናት። የያዘችው ጉዳይ የመሬት ነው። ደንበኛዋ ባሏ የሞተባት እናት ስትሆን፣ በ2016ቱ የጁባ ውጊያ ልጆቿን ይዛ ወደ ኡጋንዳ ሸሸች። ስትመለስ ቤቷ ውስጥ ወታደር ተቀምጦ አገኘች። የይዞታ ወረቀቷ ከሌላው ንብረቷ ጋር ተቃጥሏል።

የችሎቱን አሠራር በቅርብ ላስረዳ። ዳኛው የምስክሩን ቃል በእጃቸው፣ በእንግሊዝኛ፣ ወፍራም መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ምስክሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው፤ የሚናገሩት የባሪ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚው ባሪውን በጁባ ዐረብኛ ለተከራካሪዎቹ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ለዳኛው ያቀርባል። ሽማግሌው አጥሩን ማን እንዳጠረ፣ የማንጎ ዛፉን የሴትዮዋ ባል በየትኛው ዓመት እንደተከለ፣ በዛፉ ምክንያት ከሌላ ጎረቤት ጋር እንዴት እንደተጣሉና ማን እንዳስታረቃቸው ረጅም ጊዜ ወስደው ተናገሩ። አስተርጓሚው ዞር ብሎ "ቤቱ የእሷ ነው ይላሉ" አለ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ይህን ሁሉ ጊዜ የተናገሩት ይህን ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ተርጉም" አሉት። ሽማግሌው እንደገና ጀመሩ፤ ማንጎውም መዝገብ ላይ ሠፈረ። ወረቀት ለተቃጠለበት ሰው ማስረጃ ማለት ያ ዛፍ ነውና ለዳኛው ያለኝ አክብሮት ከፍ አለ። ተከሳሹ ግን አልቀረበም። መጥሪያውን ወደ ጦር ሰፈር ይዞ የሚገባ ፖሊስ ስላልተገኘ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ምሳ ላይ ጠበቃዋ "ሕጉን አትውቀሰው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የ2011ዱ የሽግግር ሕገ መንግሥት ሴት ልጅ ንብረት የማፍራት፣ ከሟች ባሏም የመውረስ መብት እንዳላት በግልጽ ይናገራል። የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። አገሪቱ በ2015 የሴቶችን፣ የሕፃናትንና ሥቃይ እንዳይፈጸም የሚከለክሉትን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተቀብላለች። በ2020 መጨረሻ ደግሞ የጾታ ጥቃትንና የታዳጊዎችን ጉዳይ ብቻ የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ጁባ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ቃላቸውን በዝግ ችሎት ይሰጣሉ፤ ስለዚህ በሩ ድረስ ብቻ ደርሼ ተመለስኩ፤ መሆን ያለበትም እንዲያ ነው።

የጎደለው ሕጉን የሚያስፈጽም ሰውና አቅም ነው። ዳኞቹ በ2017 ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይሻሻልልን ብለው ለወራት ሥራ አቆሙ። መልሱ የመጣው በጁላይ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር አሥራ አራት ዳኞችን በድንጋጌ አሰናበቱ። ዳኛ በአንድ ወረቀት የሚባረርበት አገር ውስጥ ያ ወታደር መጥሪያ ቢደርሰውስ ይቀርባል ወይ? ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ረቡዕ፣ ጁባ

ወህኒ ቤት ደጃፍ ላይ ስንቅ ይዘው ተራ ከሚጠብቁ ሴቶች ጋር ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። ውስጥ ለመግባት አልጠየቅኩም፤ መስማት የፈለግሁት ደጅ ያሉትን ነበር።

አንዲት እናት ልጃቸው የታሰረው ታላቅ ወንድሙ ስለጠፋ ነው አሉኝ። ታላቅየው ሰው ገድሏል ተብሎ ይፈለጋል፤ እሱ እስኪገኝ ታናሹ ይያዝ ተባለ። ጠበቃዋ ይህ የተለመደ አሠራር እንደሆነ፣ ሕጉ ግን በፍጹም እንደማይፈቅደው ነገረችኝ። የሰብአዊ መብት መርማሪዎችም በተደጋጋሚ ዘግበውታል። ወንጀል ሳይሠሩ፣ ሕክምና የሚሰጥ ቦታ ስለሌለ ብቻ ወህኒ የሚቀመጡ የአእምሮ ሕሙማን መኖራቸውም እንዲሁ በይፋ የተመዘገበ ነው። በዝሙት ተከስሰው የታሰሩ ሴቶችም አሉ። የሞት ቅጣት ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ጠበቃ ሳይቆምለት ሞት የተፈረደበት ሰው በሌለበት አገር ቅጣቱ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እዚህ ግን ክርክሩ ራሱ ቅንጦት ነው። ተከሳሹ ዳኛው የተናገሩትን ቋንቋ ሳይሰማ ተፈርዶበት ሊሆን ይችላልና።

እናቲቱ ወደ ማታ የስንቅ ሳህናቸው ባዶውን ተመለሰላቸው። ልጁ በሕይወት እንዳለ የሚያውቁት በዚህ ነው።

ሐሙስ፣ ወደ ቦር

የጁባን ድልድይ ተሻግረን የወንዙን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘን ወደ ሰሜን ነዳን። እስከ ቦር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌራችን ሌሎች መኪኖች እስኪሰበሰቡ መጠበቅ አለብን አለ፤ በዚህ መንገድ ላይ ሽፍቶች ተሳፋሪ ገድለው ያውቃሉ። ማንጋላ ላይ በ2020ው ጎርፍ ከቦር አካባቢ የተፈናቀሉ ሰዎች የሠሩት ሰፈር አለ። ለሻይ ስንቆም አንድ ወጣት ጠበቃዋን አውቋት ስለ ዘመዱ ጉዳይ ጠየቃት። መኪናው ተነሥቶም መስኮቱን ይዞ እየሮጠ ጥያቄውን አልጨረሰም ነበር።

ዓርብ፣ ቦር

የዚህ ጉዞ ዋናው ቀን ይህ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አምስት የጎሳ አለቆች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ሕዝቡ በግማሽ ክብ መሬት ላይ ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ ጉልበቱ ላይ የተማሪ ደብተር ዘርግቷል። ዕድለኛ የሆነ ሰው ካልሆነ በቀር በዚህ አገር ፍትሕ የሚባለውን የሚያገኘው እንደዚህ ባለ ዛፍ ሥር ነው፤ ከሕዝቡ አብዛኛው መደበኛ ፍርድ ቤት አይቶ አያውቅም። በ2009 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ እነዚህን የባህል ፍርድ ቤቶች በደረጃ ከፋፍሎ እውቅና ሰጥቷቸዋል፤ ከታች የአለቃው ችሎት፣ ከእሱ በላይ የክልል ችሎት፣ ከላይ ደግሞ በካውንቲ ደረጃ የሚቀመጥ አለ። ወንጀል እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም፤ ባህል የተቀላቀለበትን ጉዳይ መደበኛው ፍርድ ቤት ሲመራላቸው ብቻ ነው። ነገር ግን የሚመራው ዳኛ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ከተቀመጠ፣ ወይም ከነጭራሹ ካልተሾመ፣ ዛፉ ሥር የማይቀርብ ጉዳይ የለም።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ እየደበደባት ፍቺ ጠየቀች። ቆማ ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ክንዷን ዘርግታ ጠባሳውን አሳየች። ከዚያ አጎቷ ተነሡና ለጥሎሽ የተሰጡትን ከብቶች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ጀመር። በቁጥር አይደለም የሚሉት፤ ጀርባዋ ነጭ የሆነችው ቡላ፣ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈው ጥቁር በሬ፣ በሁለተኛው ዓመት የወለደችው ዳልቻ ጊደር እያሉ ነው። ከልጅቱ ታሪክ ይልቅ የከብቶቹ ታሪክ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንዳንዱ ላይ የባልየው ወገኖች "እሷ ታማ ሞተች፤ አትቆጠርም!" እያሉ አቋረጡ። ጸሐፊው ሁሉንም መዘገበ።

አለቆቹ ተመካክረው ተመለሱ። ባልየው ጥፋተኛ ነው፤ ለሚስቱ ቤተሰብ አንድ ኮርማ ይክፈል፤ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ዳግመኛ ቢመታት ፍቺው ይጸናል።

ደሜ ፈላ። ተደብድባለች ብላችሁ አምናችሁ እንዴት ትመልሷታላችሁ? ችሎቱ ሲነሣ ጠበቃዋ ዋናውን አለቃ በአክብሮት ቀርባ ይህንኑ ጠየቀቻቸው፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። አዛውንቱ አልተቆጡም። "አባቷ በነዚያ ላሞች ለወንድሟ ሚስት አምጥቶበታል። የወንድሟ ሚስት አባት ደግሞ ለሌላ ልጁ ከፍሎበታል። እሷን ዛሬ ባፋታት ላሞቹ ይመለሱ ይባላል፤ ከየት ይመለሳሉ? ሦስት ቤት ይፈርሳል። ልጇም ከብት ለከፈለው ሰው ትቀራለች፤ ይህንን እሷም ታውቃለች" አሏት።

የሰጡት ምክንያት ከእውነታው የራቀ አይደለም። ይህ ጋብቻ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የታሰረ ውል አይደለም፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ይናጋል። ግን የሦስት ቤት ሰላም የአንዲት ሴት ክንድ ላይ መጣሉን ልቀበለው አልችልም። የ2018ቱ ስምምነት በአስፈጻሚው አካል የሥልጣን ቦታዎች ቢያንስ 35 በመቶ ሴቶች እንዲኖሩ ያዛል። ዛፉ ሥር ከተቀመጡት አምስቱ መካከል አንዲት ሴት ብትኖር የላሞቹ ዝርዝር ያን ያህል ጊዜ፣ የጠባሳው ነገር ደግሞ ያን ያህል ጥቂት ጊዜ ባልወሰደ ነበር።

ጠበቃዋ ከእኔ ይልቅ ዘዴኛ ናት። በአለቃው ፈቃድ ሁለት ነገር አስጻፈች። አንደኛ፣ ሴትዮዋ በውሳኔው ባትስማማ ወደ ላይኛው የባህል ችሎት ይግባኝ ማለት እንደምትችል ተነግሯታል፤ ሁለተኛ፣ ድብደባው ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስ የማመልከት መብቷ የተጠበቀ ነው። አለቃው ደብተሩ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ልጅቱ ወረቀቱን አጥፋ ልብሷ ውስጥ ስትከት አየሁ። ያን ሌሊት የት እንዳደረች ማወቅ ብችል ደስ ባለኝ።

ከሰዓት በኋላ የደም ጉዳይ ታየ። ሰው የሞተበት ነው፤ ለሟች ወገን የሚከፈለውን የደም ካሳ እነሱ ዲያ ይሉታል። እኛ አገር ጉማና ደም ማድረቅ የምንለውን የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱ አይጠፋውም። በብዙ የዲንካ አካባቢዎች ለአንድ ነፍስ ሲከፈል የቆየው ሠላሳ አንድ ከብት ነው፤ በሌላ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። መንግሥት ራሱ በ2008 ባወጣው የወንጀል ሕግ የሟች ቅርብ ዘመዶች የደም ካሳ ከመረጡ ፍርድ ቤቱ በሞት ፍርድ ፈንታ ካሳውን ከእስራት ጋር መወሰን እንደሚችል ደንግጓል። በጁላይ 2016 ጁባ በሚገኘው የቴሬይን ሆቴል ግቢ ወታደሮች ጋዜጠኛ ጆን ጋትሉክን ገድለው፣ ሴቶችን ደፍረው ነበር። በ2018 ወታደራዊው ፍርድ ቤት አሥር ወታደሮችን ጥፋተኛ ሲል ለጋዜጠኛው ቤተሰብ የወሰነው ካሳ ሃምሳ አንድ ከብት ነው። ለተደፈሩት የተወሰነው ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 4,000 ዶላር ነበር።

የደም ካሳ የበቀልን ሰንሰለት እንደሚበጥስ በዓይኔ አየሁ። ሁለቱ ወገኖች የመጡት በየፊናቸው ተኮሳትረው ነበር፤ ማታ ላይ ከብቶቹ በስንት ጊዜ ይከፈሉ ብለው በዋጋ ሲከራከሩ መሳሪያ ያነሣ አልነበረም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ አካል በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ የለም። በአንጻሩ በምሥራቅ ኢኳቶሪያ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ዘንድ ለካሳ የሚከፈል ከብት ሲታጣ በምትኩ ልጃገረድ የተሰጠችበት ጊዜ አለ። እሷ ለማን አቤት ትላለች?

ቅዳሜ፣ ቦር

ቦር በ1991 ከጋራንግ ንቅናቄ በተገነጠለው በሪክ ማቻር ሥር በነበሩ ኃይሎች የተጨፈጨፈች ከተማ ናት፤ ሟቾቹ በአብዛኛው ዲንካዎች ነበሩ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ወደመች፤ በቅዱስ እንድርያስ ካቴድራል ተጠልለው የነበሩ ሴቶች ተገደሉ። የጁባው እልቂት ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ ዲሴምበር 2013 ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር አንድ የፖሊስ ግቢ ውስጥ የመንግሥት ኃይሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ የኑዌር ወንዶችን አጉረው ረሽነዋል። ኤፕሪል 17 ቀን 2014 እዚሁ ቦር የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ የተጠለሉ ኑዌሮች ላይ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ገደሉ።

በሟቾቹ መቃብር አጠገብ ያገኘኋቸው አንድ አረጋዊ እህታቸው የተገደለችበትን ቀን ነገሩኝ። "ለማን ላስመዝግብ? ለአለቃው ብናገር ገዳዩ የእሱ ሰው አይደለም፤ ለዳኛው ብናገር ገዳዩ ከዳኛው ይበልጣል" አሉኝ። ዓርብ ዕለት ያየሁት ዛፍ ይህን አይሸከምም። ሠላሳ አንድ ከብት ቆጥሮ የሚያስታርቀው ገዳይና ሟች ሲተዋወቁ ነው። ጄኔራል ትእዛዝ ሰጥቶ ያስገደላቸውን ሰዎች ከብት የሚከፍል የለም።

እሑድ

በመጣንበት መንገድ ወደ ጁባ ተመለስን። ሰላም ነበር።

ሰኞ፣ ጁባ

ከመብረሬ በፊት ከጠበቃዋና ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ስለ ጥምር ፍርድ ቤቱ ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። የ2018ቱ ስምምነት አምስተኛ ምዕራፍ ሦስት ተቋማት እንዲመሠረቱ ያዛል፤ የእውነት፣ የእርቅና የፈውስ ኮሚሽን፣ የካሳ ባለሥልጣን፣ እንዲሁም በአፍሪካ ኅብረት የሚቋቋም ጥምር ፍርድ ቤት። ይህ ፍርድ ቤት ከዲሴምበር 15 ቀን 2013 ጀምሮ የተፈጸሙትን ታላላቅ ወንጀሎች ይመረምራል፤ ከዳኞቹ አብላጫው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይሆናሉ፤ ሥልጣን ማንንም ከተጠያቂነት አያድንም። ቃሉ የተጻፈው አስቀድሞ በ2015ቱ ስምምነት ነው፤ በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት በኦባሳንጆ የተመራው የኅብረቱ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርትም በዚያው ዓመት፣ ከፊርማው በኋላ፣ ይፋ ሆነ። በጃንዋሪ 2021 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሦስቱም ይቋቋሙ ብሎ ተስማማ። የኮሚሽኑና የካሳው ሕጎች በ2024 ጸደቁ። ፍርድ ቤቱ ግን የለም።

ከሦስቱ የዘገየው የትኛው እንደሆነ ልብ ይሏል። እውነት ይነገር፣ ካሳ ይከፈል የሚሉትን ሁሉም ይስማማባቸዋል፤ ወንጀለኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ ሲባል ግን ሊቀመጡ የሚችሉት ሰዎች ራሳቸው ፈራሚዎች ናቸው። አንዱ ባልደረባዋ መጀመሪያ ሰላም ይጽና፣ ፍርዱ ይደርሳል የሚል አቋም አለው። ከ1972 ጀምሮ የተባለው ይኸው ነው አልኩት። በ1991 ቦርን ያጠፋ ሰው ተከስሶ ቢሆን ኖሮ በ2013 ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠበቃዋ በዚህ ከእኔ ጋር ናት። እሷና ጓደኞቿ የምስክሮችን ቃል ከአሁኑ እየመዘገቡ ነው፤ የማንጎውን ታሪክ የነገሩት ሽማግሌ ዓይነት ምስክር እስከ መቼ ይቆያል ብለው ይሰጋሉና።

ስምምነቱ ፍርድ ቤቱን የማቋቋም ሥልጣን የሰጠው ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ የጁባን ፊርማ እየጠበቀ ዓመታት አልፈዋል። ቢያንስ የምርመራ ክፍሉን አሁን አቋቁሞ ማስረጃ ማሰባሰብ ይችላል፤ የደቡብ ሱዳን የሕግ ባለሙያዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው። የኅብረቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ከምሠራበት ቢሮ ብዙ አይርቅም። ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው ሰጥተውኛል፤ በሚቀጥለው ወር ለኅብረቱ የሕግ ክፍል ባልደረቦች ላቀርበው ቀጠሮ ይዣለሁ።